ሮምን መጎብኘትና በሮም መመገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ የሚመጡትም ሆኑ ከሌላ የአውሮፓ ከተማ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከአሜሪካ የሚነሱት፣ ሮምን ለማየት ያሰቡ ኢትዮጵያውያን ከጉዟቸው በፊት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ጉብኝትንና ምግብን ይመለከታሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ዋጋዎች በየጊዜው ስለሚለወጡ ደግሞ ከመነሳትዎ በፊት በየተቋሙ ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ።

ለሮም ስንት ቀን ልመድብ?

ዋና ዋናዎቹን ቦታዎች ያለ ሩጫ ለማየት ሦስት ሙሉ ቀናት ይበቃሉ። አንዱን ቀን ለኮሎሲየም፣ ለሮማውያን ፎረምና ለፓላቲን ኮረብታ፣ ሌላውን ለቫቲካን፣ ሦስተኛውን ደግሞ ከፓንቴኦን እስከ ትሬቪ ፏፏቴ ለተዘረጋው የመሃል ከተማ ክፍል መስጠት ይቻላል። ኮሎሲየምንና የቫቲካን ሙዚየሞችን በአንድ ቀን የሚያጣምሩ የጉብኝት መርሐ ግብሮች በብዛት ይሸጣሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ለሰዓታት በእግር የሚያስኬዱ በመሆናቸው፣ ጠዋቱን በፍርስራሾች መካከል ሲዞር ውሎ ከሰዓት በኋላ በቫቲካን ሙዚየሞች ውስጥ ባለው በሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ሥር የቆመ ሰው ዓይኑ ከሥዕሉ ይልቅ መቀመጫ ሲፈልግ ይውላል። ያለዎት ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ አንዱን ሙዚየም መተው ሁለቱንም በጥድፊያ ከማየት ይሻላል።

በየትኛው ወር መሄድ ይመረጣል?

ሚያዝያና ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሁሉ የተሻለ ነው። የእኛ የክረምት ዕረፍት በሐምሌና በነሐሴ ስለሚውል ብዙ ቤተሰቦች የሚጓዙት በዚያን ጊዜ ነው፤ ሆኖም እነዚህ ወራት በሮም ሙቀቱ የሚበረታባቸው ናቸው፤ በፎረሙ ውስጥም ጥላ እምብዛም አይገኝም። ከዚህ በተጨማሪ ጣሊያኖች ኦገስት 15 ቀን ፌራጎስቶ የሚባለውን በዓላቸውን ስለሚያከብሩ፣ በዚያ ሰሞን በቤተሰብ የሚተዳደሩ ምግብ ቤቶች በር ላይ «ለዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት መመልከት የተለመደ ነው። በክረምት መሄድ ግድ ከሆነብዎ ከቤት ውጭ የሚታዩትን ቦታዎች በጠዋት ጨርሰው፣ እኩለ ቀኑን በቤተ ክርስቲያን ወይም በሙዚየም ውስጥ ያሳልፉ።

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማው እንዴት ልግባ?

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ተርሚኒ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ የሚሄደው ፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ትኬቱም 14 ዩሮ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው ሻንጣ ለያዙ መንገደኞች ታክሲ ይቀልላል፤ ወደ ጥንታዊው ቅጥር ውስጥ የሚወስደው ጉዞ በማዘጋጃ ቤቱ የተወሰነ ቋሚ ዋጋ ስላለው፣ ከመሳፈርዎ በፊት ዋጋውን ይጠይቁ። በአዳራሹ ውስጥ እየተጠጋ «ታክሲ» የሚልዎትን ሰው አይከተሉ፤ ሕጋዊዎቹ ነጭ ቀለም ያላቸው ሲሆኑ ውጭ በሰልፍ ቆመው ይጠብቃሉ።

ቀድሜ መግዛት ያለብኝ የትኞቹን ትኬቶች ነው?

ሦስቱን ብቻ፦ የኮሎሲየምን፣ የቫቲካን ሙዚየሞችንና የቦርጌዜ ጋለሪን። ሌላው ሁሉ ደርሰው የሚወስኑት ነው፤ ጉዞውን በሙሉ በሰዓት የታሰረ ማድረግም ሮምን ከሚያስወድዷት ነገሮች አብዛኛውን ያሳጣል።

የኮሎሲየም ግንባታ በንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን ዘመን ተጀምሮ በ80 ዓ.ም. በልጁ በቲቶ ጊዜ ተመረቀ። መደበኛው ትኬት 18 ዩሮ ሲሆን ፎረሙንና ፓላቲን ኮረብታን ይጨምራል። ትኬቱ የሚቆረጠው በጎብኚው ስም ስለሆነ ፓስፖርትዎ ላይ ያለው ስም በትክክል መጻፍ አለበት፤ የአባትንና የአያትን ስም በተለያየ ቅደም ተከተል የመጻፍ ልማድ ስላለን ይህን ሁለት ጊዜ ማየት ተገቢ ነው። ይፋዊው ድረ ገጽ ላይ ትኬት ካጡ፣ በሦስት እጥፍ ዋጋ የሚሸጥልዎትን ከመፈለግዎ በፊት የፎረሙንና የፓላቲንን ብቻ ትኬት ይመልከቱ፤ ከፓላቲን ኮረብታ ላይ ኮሎሲየም ወለል ብሎ ይታያል።

የቦርጌዜ ጋለሪ ጎብኚዎችን የሚያስገባው በተወሰነ ቁጥርና ለሁለት ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ያለ ቀጠሮ ሄዶ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው። የቀራጺው የቤርኒኒ የእብነ በረድ ሥራዎች፣ በተለይም ዳፍኔ ከአፖሎ ስታመልጥ ጣቶቿ ወደ ቅጠል የሚለወጡበት ቅርጽ፣ በዚህች ትንሽ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው የሚገኙት። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ቢባል ይህ ጸሐፊ ያለ ማመንታት ይህንን ይመርጣል።

በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞችና ጥንታዊ ቦታዎች፣ ኮሎሲየምን ጨምሮ፣ በነጻ ይከፈታሉ፤ ወረፋው ግን ከገንዘቡ የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በእነዚህ ቦታዎች በማንኛውም ቀን አይከፍሉም።

ቫቲካን ስሄድ ምን ልጠንቀቅ?

በመጀመሪያ ሙዚየሞቹና የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች ያሏቸው የተለያዩ ቦታዎች መሆናቸውን ይወቁ። ባዚሊካው በነጻ የሚገባበት ሲሆን የሚጠብቅዎት የፍተሻ ወረፋ ብቻ ነው፤ ወደ ጉልላቱ መውጣት ግን ይከፈልበታል። ጉልላቱ በአጠቃላይ 551 ደረጃዎች አሉት። አሳንሰሩ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ስለሚያወጣ፣ ከእርሱ በኋላ ከ300 የሚበልጡ ጠባብና ጠመዝማዛ ደረጃዎች ይቀራሉ። ሙዚየሞቹ እሑድ ዝግ ናቸው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነጻ ይከፈታሉ።

የአለባበሱ ደንብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ ወይም ሻርፕ በቦርሳ ውስጥ መያዝም ይጠቅማል። ሚኬላንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 ጣሪያውን፣ ከ1536 እስከ 1541 ደግሞ በመሠዊያው ግድግዳ ላይ የመጨረሻውን ፍርድ በሣለበት የሲስቲን ጸሎት ቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው፤ ዝም ማለትም ግዴታ ነው።

ያለ ክፍያ የሚታይ ምን አለ?

የሮም ትልቁ ሀብት ይኸው ነው። በፒያሳ ናቮና አጠገብ ባለው የሳን ሉዊጂ ዴ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካራቫጆ የሐዋርያው ማቴዎስን ሕይወት የሣለባቸው ሦስት ታላላቅ ሥዕሎች በግራ በኩል ባለው የመጨረሻ ጸሎት ቤት ተሰቅለዋል፤ ሳንቲም ሲጨምሩ መብራት የሚበራበት ሣጥን ስላለ ጥቂት ዝርዝር ሳንቲሞች ይያዙ። የዚሁ ሠዓሊ የጳውሎስ መለወጥና የጴጥሮስ ስቅለት ደግሞ በሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎ ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። በሙዚየም ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ብዙ የሚከፈልባቸው እነዚህ ሥራዎች፣ ያን ጊዜ እንዲሰቀሉ በታሰበላቸው ግድግዳ ላይ፣ ጸሎት በሚደረስበት ቤት ውስጥ እስካሁን አሉ። አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙውን ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓታት ስለሚዘጉ በጠዋት ወይም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሄድ ይበጃል።

በ1762 የተጠናቀቀው የትሬቪ ፏፏቴ ቀኑን ሙሉ በሰው የተጨናነቀ ስለሆነ ከጧቱ አንድ ሰዓት በፊት ካልሄዱ ፏፏቴውን ሳይሆን የሰው ጀርባ ያያሉ። ወደ ውኃው የሚጣሉት ሳንቲሞች ተሰብስበው ለበጎ አድራጎት ይውላሉ። በስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ የሚያስቀጣ ነው። ፓንቴኦን ከ2023 ወዲህ 5 ዩሮ ያስከፍላል፤ ሆኖም ከፍታውና የወለሉ ስፋት እኩል 43 ሜትር ያህል የሆነ፣ ብረት ያልገባበት፣ አናቱ ላይ ለሰማይ ክፍት የሆነ ጉልላት ለማየት ይህ ገንዘብ የሚቆጭ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባና በወለሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወርዳል።

ውኃም አይግዙ። በየመንገዱ ያሉት ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች ቀንና ሌሊት የሚፈስ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ይሰጣሉ።

የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ የት ነው?

ከኮሎሲየም ተነስቶ በሳን ግሬጎሪዮ መንገድ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ የጥንቱ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ቺርኮ ማሲሞ የሚጀምርበት አደባባይ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ይባላል። በ1937 የፋሺስቱ መንግሥት ከአክሱም ያስመጣው ሐውልት ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ሚኒስቴር በታሰበው ሕንጻ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ሕንጻው ከ1951 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሐውልቱ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፤ በ2008ም ዳግመኛ ቆመ። ስለዚህ ዛሬ በስፍራው የሚያዩት ሐውልቱን ሳይሆን ባዶ ቦታውን ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ግን ከብዙ የቆሙ ሐውልቶች ይልቅ ይህ ባዶ ቦታ ይበልጥ ያረካል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ሌላም ምክንያት አለ። በ1960 የሮም ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ተነስቶ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ አልፎ በምሽት በቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር ሲጠናቀቅ፣ ባዶ እግሩን ይሮጥ የነበረው አበበ ቢቂላ የሞሮኮውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ የወጣው ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ በዚሁ ሐውልት አካባቢ ነበር። ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ከፖርታ ካፔና ወደ ቅስቱ የሚወስደውን መንገድ በእግር ለመጨረስ ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ኮሎሲየምን በሚያዩበት ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረድ ስትል ቢሄዱበት ጥሩ ነው።

ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዙ ሌሎች ቦታዎችስ አሉ?

በቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮጵያ ለመጡ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆና አገልግላለች። የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 በሮም የግእዝ አዲስ ኪዳንን ያሳተሙት እዚያ ከነበረው ማኅበር ጋር ሆነው ነው፤ ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍም ስለ ኢትዮጵያ የጻፋቸውን ሥራዎች መሠረት ያገኘው በ1649 በዚህችው ከተማ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት አይደለችም፤ በቀጠሮ በሚደረገው የቫቲካን የአትክልት ስፍራ ጉብኝት ግን ወደ አካባቢው መድረስ ይቻላል።

ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ ማለትም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፣ የተሰየመው በ1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር በተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያነት ነው። በሻንጣ ጎማ ድምፅ መካከል የሚያልፉት አብዛኞቹ መንገደኞች ይህን አያውቁም። መታሰቢያው፣ በግብፅ ሐውልት የተሠራው፣ ከአደባባዩ ወጣ ብሎ በምትገኝ ትንሽ መናፈሻ ውስጥ አለ። ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የተቀመጠው እዚያ ሲሆን፣ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፉን የመዘዘውም እዚሁ ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ ወደ አገሩ ተመልሷል።

በዕድሜ የገፉ እናትና አባቴን ይዤ ብሄድ ይከብዳቸዋል?

የሮም መንገዶች ጥቁር የድንጋይ ንጣፍ ናቸው፤ ለጉልበት ሕመምተኛ አድካሚ መሆናቸው አይካድም። በኮሎሲየም አሳንሰር አለ፤ የቫቲካን ሙዚየሞችም ተሽከርካሪ ወንበር ያውሳሉ። ይሁን እንጂ ለወላጆች የሚስማማው ጉብኝት ከፍርስራሾቹ ይልቅ የአብያተ ክርስቲያናቱ ነው። የሐዋርያው ጳውሎስ መቃብር ያለበት የቅዱስ ጳውሎስ ባዚሊካ ከከተማው ቅጥር ውጭ ቢሆንም በሜትሮ ቢ መስመር በቀላሉ ይደረስበታል፤ ውስጡም ሜዳ፣ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው። የ5ኛው ክፍለ ዘመን ሞዛይኮች ያሉባትና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2025 የተቀበሩባት ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ደግሞ ከተርሚኒ በእግር የምትደረስ ናት። በሁለቱም መግቢያ አይከፈልም።

ጥሩ ምግብ ቤት በምን ይታወቃል?

መጥፎውን መለየት ይቀላል። በር ላይ ቆሞ የሚጠራዎት አስተናጋጅ ካለ፣ የምግቡ ዝርዝር በስድስት ቋንቋ ከነፎቶግራፉ ከተለጠፈ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት እራት የሚያቀርብ ከሆነ ይለፉት። ጣሊያኖች ምሳ የሚበሉት ከሰባት ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ሲሆን፣ ትራቶሪያ የሚባሉት እውነተኛዎቹ ተራ ምግብ ቤቶች ለእራት የሚከፍቱት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በመካከሉ የራበው ሰው በሚዛን ተመዝኖ የሚሸጠውን ቁራጭ ፒዛ ይበላል። ከታላላቆቹ ሐውልቶች ጥቂት መቶ ሜትር መራቅ ብቻውን ዋጋውንም ጥራቱንም ይለውጣል። ቴስታቾ የተባለው ሰፈር የቀድሞው የቄራ ሰፈር በመሆኑ በሆድ ዕቃ ምግቦቹ ይታወቃል፤ በቲማቲም የተሠራ ጨጓራና ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ የበሬ ጭራ ያቀርባል። ዱለት የሚወድ ሰው እዚያ አይከፋም።

የሮም የራሷ ምግቦች የትኞቹ ናቸው? የአሳማ ሥጋ አለባቸው?

ይህ ጥያቄ ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም እኩል አስፈላጊ ስለሆነ በጥንቃቄ መመለስ አለበት። የሮም አራቱ ስመ ጥር ፓስታዎች ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻና ካቾ ኤ ፔፔ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጓንቻሌ በሚባል በጨው በደረቀ የአሳማ ጉንጭ ሥጋ የሚሠሩ ናቸው። አራተኛው ግን ፓስታ፣ የበግ ወተት አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው፤ ቀላል ቢመስልም በደንብ ሲሠራ ከአራቱ ሁሉ የሚበልጥ ነው። ሳልቲምቦካ የጥጃ ሥጋ ቢባልም በላዩ የአሳማ ሥጋ ይደረብበታል። ፕሮሹቶ፣ ፓንቼታ፣ ሳልሲቻና ስትሩቶ የሚሉትን ቃላት በምግብ ዝርዝሩ ላይ ካዩ ሁሉም ከአሳማ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አስተማማኝ መፍትሔ የሚገኘው በጥንታዊው የአይሁድ ሰፈር ነው። በዚያ ያሉት የኮሸር፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ የሚጠብቁ፣ ምግብ ቤቶች አሳማ ፈጽሞ አያስገቡም። ተፈልቅቆ በዘይት የተጠበሰው የአርቲቾክ አበባም፣ በተለይ ከክረምታቸው መጨረሻ እስከ ጸደይ፣ የሰፈሩ መለያ ነው። ሐላል ሥጋ ቤቶች በፒያሳ ቪቶሪዮ አካባቢ ይገኛሉ።

በጾም ወቅት ብሄድ ምን ልበላ እችላለሁ?

ከሚገመተው በላይ ብዙ አለ። ማሪናራ የሚባለው ፒዛ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ነው። አራቢያታ የሚያቃጥል የቲማቲም ፓስታ ሲሆን፣ አልዮ ኤ ኦልዮ ደግሞ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራ ነው፤ ሁለቱንም ሲያዝዙ «ሴንሳ ፎርማጆ» ይበሉ፤ አይብ እንዳይነሰነስበት ማለት ነው። ፌቱቺኔን የመሳሰሉት ትኩስ ፓስታዎች ብዙ ጊዜ በእንቁላል ስለሚቦኩ ስፓጌቲንና ሌሎቹን ደረቅ ፓስታዎች ይምረጡ። ቺኮሪያ የተባለው መራራ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ተጠብሶ ይቀርባል፤ ከነጭ እንጀራቸው፣ ማለትም ከፒዛ ቢያንካ ጋር፣ ሙሉ ምሳ ይሆናል። ፑንታሬሌ የሚባለው ሰላጣ የዓሣ መረቅ ስላለው ዓሣ የማይነኩ ጾመኞች ይጠንቀቁ። ለጣፋጭ ወተት የሌለው የሎሚ ሶርቤቶ አለ።

ናፍቆቱ ከበረታ ከተርሚኒ ጣቢያ በስተሰሜን ምሥራቅ ባሉት መንገዶች የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች አሉ፤ የጾም በያይነቱም ያገኛሉ።

ቡና እንዴት ይታዘዛል?

ቡና ቤት ገብቶ በባንኮኒው ላይ ቆሞ የጠጣ ሰው ከአንድ ዩሮ ብዙም የማይበልጥ ይከፍላል፤ ያው ቡና ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ በተለይ በታላላቅ አደባባዮች ዳር፣ ዋጋው በብዙ እጥፍ ያድጋል። በአዲስ አበባ የለመዱት ማኪያቶ በዚያ የሚመጣው በትንሿ ሲኒ ሲሆን ወተቱ ጠብታ ያህል ነው፤ ወተት በዛ ያለበት ከፈለጉ ካፑቺኖ ይዘዙ። ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ ማዘዝ ለጣሊያኖች ያስገርማቸዋል፤ ይሸጡልዎታል፤ ሊጨነቁበት የሚገባ ነገርም አይደለም።

ሂሳቡ ላይ ያላዘዝኩት ነገር ቢጻፍስ? ቲፕስ?

ለቀረበው ዳቦ በነፍስ ወከፍ አንድ ወይም ሁለት ዩሮ መጻፉ የተለመደ ነው፤ ዳቦውን ካልፈለጉ ሲቀርብ ይመልሱት። ውኃም በጠርሙስ ይሸጣል። በዚያ አገር አስተናጋጆች ደመወዝተኞች ስለሆኑ ቲፕ ግዴታ የለውም፤ በአገልግሎቱ ከተደሰቱ ጥቂት ዩሮ መተው ይበቃል። ዓሣና ሥጋ አንዳንድ ጊዜ በመቶ ግራም ዋጋ ስለሚጻፍ፣ ከማዘዝዎ በፊት ጠቅላላ ክብደቱ ስንት እንደሚሆን ይጠይቁ። ደረሰኝ መቀበልዎንም አይርሱ።

የኪስ ሌቦች ጉዳይ እንደሚባለው ያሰጋል?

በሜትሮ ኤ መስመር፣ ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና በትሬቪ ዙሪያ ያሰጋል፤ በሌላው ቦታ ተራ ጥንቃቄ ይበቃል። ፓስፖርትዎን በማረፊያዎ አስቀምጠው ፎቶ ኮፒውን ይያዙ፤ ዋናው የሚያስፈልግዎት ኮሎሲየም በሚገቡበት ቀን ነው። ስልክዎን ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። ማንም ሰው አምባር በእጅዎ ላይ ሊያስር ወይም አበባ ሊያስይዝዎት ቢሞክር እጅዎን ሰብስበው ይለፉ፤ ስጦታ ነው ቢልዎትም ካሰረልዎ በኋላ ገንዘብ ይጠይቅዎታል።